ለገጠር መንገድ ሞተር ሳይክል ሲገዙ፦ አሮጌ የጃፓን ወይስ አዲስ?

ግንቦት ሲገባ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ በቅርቡ የተመደቡ የግብርና ባለሙያዎች፣ አንዳንዶቹ ከባሕር ዳር እየተመላለሱ በገጠር የሚያስተምሩ መምህራን፣ ሌሎቹ ደግሞ በመራዊና በሐሙሲት ገበያ የሚነግዱ ወጣቶች ናቸው። ያጠራቀሟት ገንዘብ ክረምቱ ሳይጠነክር ሞተር ሳይክል ልትሆንላቸው ይፈልጋሉ። በዚያች ገንዘብ አዲስ የህንድ ወይም የቻይና ሞተር ሳይክል ከነሰነዱ ይገኛል፤ ከዚያ ባነሰ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጣ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ የጃፓን ሞተር ሳይክል ቀርቦላቸዋል። የትኛው ይሻላል ብለው ይጠይቃሉ።

እኔ በሥራዬ ምክንያት ለዓመታት በጣና ዙሪያ በሞተር ሳይክል ተመላልሻለሁ። አሮጌም አዲስም ገዝቻለሁ፤ በአንዱ ግዢም ክፉኛ ተጎድቻለሁ። ስለዚህ የምሰጠው መልስ ከዋጋው ሳይሆን ከመንገዱ ይነሣል። የዕለት ሥራዎ ከአስፋልት የማይወጣ ከሆነ አዲሱን ይግዙ። ሥራዎ ጭቃና ድንጋይ ውስጥ ከሆነ ግን፣ ማን እንደነዳው፣ ማን እንደፈታውና ምን እንደተቀየረለት የሚታወቅ አሮጌ የጃፓን ሞተር ሳይክል ከአዲሱ ይበልጣል። ይህ ታሪኩ የማይታወቅ ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ይተዉት።

አሮጌ የምንላቸው የትኞቹ ናቸው

በጨረታ ከሚወጡት መካከል በብዛት የሚታዩት ያማሃ ዲቲ 125፣ ያማሃ ኤጂ 100ና ኤጂ 200፣ ሆንዳ ኤክስኤል 125 እና አልፎ አልፎ ሱዙኪ ቲኤፍ 125 ናቸው። ሁሉም ከመጀመሪያው ለመጥፎ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ኤጂ የሚለው ምልክት ራሱ ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ የኤጂ ሞተር ካቴና (ሰንሰለቱ) ዙሪያውን በክዳን የተሸፈነ በመሆኑ ጭቃና አቧራ ቶሎ አይበላውም።

እነዚህን ሞተሮች በሁለት ከፍሎ ማየት ግድ ነው። ኤክስኤል 125ና ኤጂ 200 ፎር ስትሮክ ናቸው፤ ዘይታቸው በሞተሩ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቤንዚናቸው ብቻውን ይቃጠላል። ዲቲ 125፣ ኤጂ 100ና ቲኤፍ 125 ግን ቱ ስትሮክ ናቸው። በቱ ስትሮክ ሞተር ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደሩ ከመውጣቱ በፊት ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋናው ዘንግ) ባለበት ክፍል ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ኮሎውን፣ ሁለቱን የሚያገናኘውን ቢየላና ፒስተኑን የሚያለሰልሳቸው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣው ዘይት ብቻ ነው። ካምቢዮው (የማርሽ ክፍሉ) የራሱ ሌላ ዘይት አለው፤ እሱ ግን ለፒስተኑ አይደርስም። ይህን አንድ ነገር ያልተረዳ ሰው አሮጌ ቱ ስትሮክ ባይገዛ ይሻለዋል። ምክንያቱን ከራሴ ልናገር።

በ2003 ዓ.ም አንድ ዲቲ 125 ገዛሁ። ሻጩ ከጨረታ አንሥቶ፣ ቀለም ቀብቶና መቀመጫውን አዲስ ቆዳ አልብሶ የሚሸጥ ሰው ነበር። ሞተሩ በአንድ ምት ይነሣል፤ ድምፁም ጥሩ ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ዘይቱ በጎን በኩል ባለ የራሱ ማጠራቀሚያ ይቀመጥና በትንሽ ፓምፕ ተስቦ በልኩ ወደ ቤንዚኑ ይገባል። እኔም ማጠራቀሚያው ሙሉ መሆኑን አየሁ፤ ደስ አለኝ። ጥቂት ቀን ነዳሁት። በየጠዋቱ ዘይቱን አያለሁ፤ ሙሉ ነው። ቁጠባ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ዘንዘልማ ሳልደርስ ሞተሩ በድንገት አቅም አጣ፤ ቀጥሎ ብረት ከብረት የሚፋቅበት ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመና በጠጠሩ ላይ ተንሸራተትኩ። ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) በመያዜ ብቻ ሳልወድቅ ቀረሁ።

ሞተሩን በባጃጅ አስጭኜ ወደ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የቀኙን ክዳን ሲፈቱት ፓምፑ የነበረበት ቀዳዳ በቆርቆሮ ቁራጭ ተደፍኖ፣ ላዩ በጥቁር ቀለም ተቀብቶ ተገኘ። «ልጄ፣ ዘይቱን የሚጠጣው የለም እኮ፤ ለዚህ ነው የማይጎድልብህ» አሉኝ። ፓምፑ ተበላሽቶ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የነዳው ሰው ዘይቱን በእጁ ከቤንዚን ጋር እየቀላቀለ ሲጠቀም ቆይቷል፤ ሻጩ ግን ይህን አልነገረኝም። እኔ ከማደያ ንጹሕ ቤንዚን እየቀዳሁ የነዳሁት ያለ ዘይት ነበር፤ በኮሎው ክፍል የተጠራቀመው አሮጌ ዘይት ነው ያን ያህል ያቆየኝ። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተሬቲፊካ፣ ማለትም ውስጡ ተፍቆ ሰፋ፤ ከነፒስተኑና ከነፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ከነኩሽኔታው ያወጣሁት ገንዘብ ለሞተሩ ከከፈልኩት ግማሽ በላይ ሆነ።

ስለዚህ ቱ ስትሮክ ያማሃ ወይም ሱዙኪ ሲያዩ የመጀመሪያው ጥያቄ «የዘይት ፓምፑ ይሠራል ወይስ ቅልቅል ነው የሚጠቀመው?» የሚል ይሁን። መልሱን ሳያምኑ በዓይንዎ ያረጋግጡ። ከነዳጅ መስጫው እጀታ የሚመጣው ገመድ በመሃል ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ካርቡራቶር፣ ሌላው ወደ ፓምፑ ይሄዳል፤ እጀታውን ሲያዞሩት የፓምፑ ትንሽ ክንድ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ገመዱ አንድ ብቻ ከሆነ ፓምፑ የለም ማለት ነው። ፓምፕ የሌለው ሞተር መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሆን ብሎ ያወጣዋል። ነገር ግን በዋጋው ላይ መታሰብ አለበት፤ አነዳዱም ይለያል። ለምሳሌ ከቤዛዊት ኮረብታ ማርሽ አስገብተው ነዳጅ ሳይሰጡ ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ፣ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ቤንዚን ስለማይገባው ዘይትም አይገባውም። በየመሃሉ እጀታውን ትንሽ ትንሽ መክፈት ያስፈልጋል።

አዲሱ ምን ይሰጣል፣ ምን ይነሳል

አዲሱ ሞተር ሳይክል የሚሰጠው ነገር ቀላል አይደለም። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያላቸው አዳዲስ ፎር ስትሮክ ሞተሮች በሰከነ አነዳድ በአንድ ሊትር ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ፤ አሮጌ ቱ ስትሮክ 125 ግን 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ከሄደ ባለቤቱ ደስተኛ ነው። ቤንዚን ለማግኘት በማደያ ረጅም ሰልፍ በሚጠበቅበት ከተማ ይህ ልዩነት ከገንዘብም በላይ ነው፤ የሥራ ሰዓት ነው። አዲሱ በቁልፍ ይነሣል፣ ብዙዎቹ የፊት ፍሬናቸው ዲስክ ነው፣ መለዋወጫቸውም በከተማው ውስጥ በቀላሉ ይገኛል። ጊዮርጊስ አካባቢ ውለው ፖስታና ምግብ ለሚያደርሱ፣ ከሽምብጥ ዓባይ ማዶ ለሚመላለሱ ሰዎች ከዚህ የተሻለ የለም።

ከፍታውም ሊረሳ አይገባም። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከአቅሙ ሦስት በመቶ ያህል ይቀንሳል ተብሎ ስለሚሰላ፣ በወረቀቱ ላይ 11 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር እዚህ የሚሰጠው 9 ገደማ ነው። አዲሶቹ ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጩ ሞተሮች አየሩን ለክተው ቤንዚኑን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ካርቡራቶር ያለው ሞተር ግን ቤንዚን እየበዛበት ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ የካርቡራቶሩን ዋና ቀዳዳ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር በሚያንስ መለወጥ ያስፈልገዋል።

ኢንጀክሽን ግን የራሱ ድክመት አለው። ማደያ ሲዘጋ ቤንዚን በሃይላንድ ከመንገድ ዳር ይገዛል፤ ያ ቤንዚን አንዳንዴ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት፣ አንዳንዴም ከበርሜል ሥር የተቀዳ ዝቃጭ ያለበት ነው። ካርቡራቶር ሲደፈን መንገድ ዳር በጠመንጃ መፍቻ ተፈትቶ፣ በአፍ ተነፍቶ ይገጠማል። የተደፈነ ኢንጀክተር ግን ከመራዊ ወዲያ ማን እንደሚያጸዳው አላውቅም። ለገጠር አዲስ የሚገዛ ሰው ካርቡራቶር ያለውን ቢመርጥ የምመክረው ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ልዩነቱ የሚታየው በክረምት ፎገራ ላይ ነው። የፎገራ ሜዳ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ለአስፋልት የተሠራው አዲስ ሞተር የፊት ጭቃ መከላከያው ከጎማው በጣት ርቀት ላይ ነው ያለው። ዋልካው በጎማውና በመከላከያው መሃል እየተጠቀጠቀ ይሞላና ጎማው መዞር ያቆማል። በሐምሌ ከጉማራ ወንዝ ማዶ በየመቶ ሜትሩ እየወረዱ ጭቃውን በእንጨት የሚፈነቅሉ ሰዎችን አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹ በመጨረሻ መከላከያውን ፈትተው ከኋላቸው ያስሩታል። የዲቲ መከላከያ ከጎማው ብዙ ራቅ ብሎ ከመሪው ሥር የተሰቀለ ነው፤ የፊት ጎማውም ባለ 21 ኢንች ስለሆነ ባለ 17 ኢንቹ የሚወድቅበትን ጉድጓድ ይሻገራል። ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ላይም፣ ጫካው ውስጥ ከገቡ በኋላ በድንጋዩና በዛፍ ሥሩ ላይ፣ ይህንኑ ያያሉ። ሞላው ረጅም የሆነ ሞተር ድንጋዩን ይውጠዋል፤ አጭሩ ግን ወደ ወገብዎ ያስተላልፈዋል።

በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ግዢ መሃል ላይ ያለው ነው፤ ሦስት ወይም አራት ዓመት የሠራ፣ ርካሽ ከሚባሉት ወገን የሆነ ሞተር። መልኩ አዲስ ስለሚመስል ዋጋው ከአዲሱ ብዙም አይወርድም፤ ጥሩ ዕድሜውን ግን የመጀመሪያው ባለቤት በልቶታል። ቸርኬው ሳስቷል፣ ኩሽኔታው ተበልቷል። አሮጌው ጃፓን ደግሞ የሲሊንደሩ ብረት ወፍራም ስለሆነ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሬቲፊካ ይችላል፤ ፒስተኑ ከመደበኛው በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ሆኖ ይሠራለታልና። ሲገዙ «ስንተኛው ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። 1.00 ላይ የደረሰ ሲሊንደር ቀጣዩ ጉዞው አዲስ ሸሚዝ (የሲሊንደሩን የውስጥ ቱቦ) ማስገባት ወይም መጣል ነው።

ሞተሩን ሲመረምሩ

በጠዋት ይሂዱ፤ እንደሚመጡም ቀድመው አይንገሩ። እንደደረሱ ሳይናገሩ መዳፍዎን ሲሊንደሩ ላይ ያሳርፉ። ሞቆ ከሆነ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል፤ ሲቀዘቅዝ የሚያስቸግር ሞተር ሊሆን ስለሚችል ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ይምጡ።

ከማስነሣትዎ በፊት የማስነሻውን ፔዳል ቀስ ብለው በእግርዎ ይጫኑት። ጤነኛ ሞተር መሃል ላይ ይገፋዎታል፤ ክብደትዎን ይሸከማል ለማለት ይቻላል። ምንም ሳይገፋ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ፋሻው ወይም፣ ፎር ስትሮክ ከሆነ፣ ቫልቮላው ግፊት ያባክናል። የግፊት መለኪያ ያለው መካኒክ ይዘው ከሄዱ ደግሞ ቁጥሩን ሲያነቡ ከፍታውን አይርሱ፤ በባሕር ጠለል ላይ 150 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ 120 አካባቢ ቢያሳይ አልታመመም። ብዙ ጥሩ ሞተር በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ሲወቀስ ሰምቻለሁ።

ሲነሣ ጭሱን ይዩ። ፎር ስትሮኩ ሲነሣ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ጥቂት አውጥቶ የሚያቆም ከሆነ የቫልቮላው ዘይት ማፈኛ ጎማ አርጅቷል፤ ይህ በትንሽ ገንዘብ ይሠራል። ነዳጅ በሰጡት ቁጥር ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ግን ፋሻውና ሲሊንደሩ አልቀዋል። ቱ ስትሮክ ማጨሱ ተፈጥሮው ነው፤ ሞቆም ጭሱ ካልቀነሰ፣ በዚያም ላይ የካምቢዮው ዘይት በየጊዜው የሚጎድል ከሆነ፣ በፍሪሲዮን በኩል ያለው የኮሎ ዘይት ማፈኛ ጎማ ተቀዶ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ያቃጥላል። በዲናሞ በኩል ያለው ከተቀደደ ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ሞተሩ አየር እየሳበ እጀታውን ሳይነኩት ድምፁ በራሱ ከፍ ይላል። ይህኛው አደገኛ ነው። አየር የበዛበት ቱ ስትሮክ ከልክ በላይ ይሞቅና ይነክሳል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል ማለት ነው።

የቡሎኖችን ራስ መመልከት ከሻጩ ንግግር የበለጠ ያስተምራል። የሞተሩ ክዳን ቡሎኖች ራሳቸው ያልተበላ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ሞተሩ ብዙ እጅ አልገባበትም። ሦስቱ የአንድ ዓይነት፣ ሁለቱ ሌላ ዓይነት፣ አንዱ ደግሞ በመዶሻና በምስማር የተፈታ ከሆነ፣ ስንት መካኒክ እንደተፈራረቀበት መገመት አያዳግትም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይመኑ፤ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ገመዱ የተቆረጠው ይበዛል። ይልቅ የእግር ማሳረፊያውን ጎማ፣ የፍሬን ፔዳሉን ብረትና የመሪውን እጀታ ይዩ። ብረቱ ጫማ እስኪሰረጉድበት የተበላ ሞተር ቆጣሪው 12,000 ቢልም ብዙ ሠርቷል።

አካሉን ሲያዩ ዋናው ሻንሲው ነው። ከኋላ የዕቃ መጫኛው በተገጠመበት፣ የኋላው ክንድ በሚታሰርበትና ከመሪው አንገት ሥር ያሉትን የብየዳ ቦታዎች በጨርቅ ጠርገው በፀሐይ ብርሃን ይመርምሩ። ለዓመታት ጄሪካንና የክትባት ሳጥን የተሸከመ ሞተር ብዙውን ጊዜ ከኋላ ነው የሚሰነጠቀው። የዕቃ መጫኛው ጋ ያለ ስንጥቅ በሳልዳቱራ ይሠራል። የመሪው አንገት ላይ ያለውን ግን እኔ አልነካውም፤ እርስዎም አይንኩት። ቀጥሎ የፊት ጎማውን ከመሬት አስነሥተው መሪውን ቀስ ብለው ከግራ ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ መሃል ላይ ሲደርስ ጎድጎድ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። የኋላውን ጎማ ይዘው ወደ ጎን ሲገፉት የሚላወስ ከሆነ ቡሽው አልቋል። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በቁልፍ ጫፍ መታ መታ ያድርጓቸው፤ የተወጠረው ይጮኻል፣ የላላው ዝም ይላል። ካቴናውን ከኋላው ጥርስ ጫፍ ላይ ይዘው ወደ ኋላ ይሳቡት፤ የጥርሱ ግማሽ እስኪታይ ከለቀቀ ካቴናና ጥርስ አንድ ላይ መቀየር አለባቸው።

በመጨረሻ ይንዱት፤ ከተማ ውስጥ ብቻ ሳይሆን የቤዛዊትን ዳገት አስወጥተው። በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱ ላይ ነዳጅ ሙሉ ሲሰጡት ድምፁ ከፍ ብሎ ሞተሩ ግን የማይፈጥን ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ማርሹ በዳገት ላይ በራሱ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ካምቢዮ ውስጥ ነው፤ እሱን ለመጠገን ሞተሩ ለሁለት ይከፈላል። እንዲህ ዓይነቱን ዋጋው ስለወረደ ብቻ አይውሰዱት።

ሰነዱ

እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ሞተሩም ገንዘቡም ይጠፋበታል። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ቁጥሩ ያለበት ቦታ በሞረድ የተፋቀ ወይም ከአካባቢው በተለየ ቀለም የተቀባ ከሆነ ውይይቱን እዚያው ያቁሙ። ሞተሩ በሌላ ሞተር ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ ለውጡ በሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት።

ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ሞተር ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። እነዚህ ድርጅቶች ብዙ ተሽከርካሪ የሚያስገቡት ከቀረጥ ነፃ ነው፤ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል ይኖርበታል። ስለዚህ የቀረጥ መክፈያ ደረሰኙን፣ የጨረታ አሸናፊነት ደብዳቤውንና የርክክብ ሰነዱን ዋናውን ይጠይቁ፤ ኮፒ አይበቃም። ሰሌዳው ወደ ግል ሳይዞር «በኋላ እናዞረዋለን» የሚል ሻጭ ሥራውንም ወጪውንም ለእርስዎ ትቶ እየሄደ ነው። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑንም ሞተሩ ከተመዘገበበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ።

ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ መግዛት በእኛ አካባቢ ተለምዷል። እለምናለሁ፣ አያድርጉት። ውክልና ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ቢሞት ደግሞ ውክልናው ይቋረጣል፤ ያኔ ሞተሩ የወራሾች ንብረት ሆኖ ይገኛል። ለስም ማዛወሪያ የሚወጣው ገንዘብ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያነሰ ነው። ውሉም በውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። የዓመታዊ ምርመራው ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድኑ ያለፈበት ከሆነ እሱም ከዋጋው ይቀነስ።

ሒሳቡን እንዴት እንደሚሠሩ

አዲሱ ሞተር 100 ብር ነው እንበል፤ አሮጌው በ60 ቀርቧል። ብዙ ሰው 40 ብር አተረፍኩ ብሎ ይገዛል። እኔ ግን ለማንኛውም አሮጌ ሞተር ከመጠየቂያ ዋጋው ሲሶውን ለጥገና ለብቻ አስቀምጬ ነው የምነሣው። ጎማ ሁለት፣ ካቴና ከነጥርሱ፣ የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ ኬብሎች፤ እነዚህ ብቻ ያን ሲሶ ይነካሉ። 60 ላይ 20 ሲጨመር 80፣ ስም ማዛወሪያው ሲታከል ከዚያም ይበልጣል። እንግዲህ ልዩነቱ 15 ብር ገደማ ከሆነ አሮጌውን የምገዛው ስለሚረክስ አይደለም፤ ለመንገዴ ስለሚሻል ነው። መንገዴ አስፋልት ከሆነ በዚህ ሒሳብ አሮጌውን የምገዛበት ምንም ምክንያት የለም።

ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት የመለዋወጫ ሱቆችን ይዙሩ። ለዚያው ሞዴል ፒስተን ከነፋሻው፣ ፍሪሲዮን፣ እንዲሁም እንደ ሞዴሉ የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው ፑንቲና ወይም ሲዲአይ መኖሩንና ዋጋቸውን ይጠይቁ። ባሕር ዳር ከሌለ ከመርካቶ ሊመጣ ይችላል፤ ግን ሞተሩ እስኪመጣለት ቆሞ እርስዎ በእግርዎ ነው የሚሄዱት። ለአንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች የሚገኘው ሁሉ በሌላ ፋብሪካ የተቀዳ ዕቃ ነው። የተቀዳ ካቴና ቢበጠስ ይቀየራል፤ የተቀዳ ፒስተን ግን ሲሊንደሩን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በፒስተን ላይ አይቆጥቡ።

ከገዙ በኋላ

አዲስ ከገዙ የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትሮች ሳያጣድፉ፣ በአንድ ፍጥነት ብዙ ሳይቆዩ ይንዱና የመጀመሪያውን ዘይት ያኔ ይቀይሩ፤ ከአዲስ ብረት የሚራገፈው ዱቄት በዚያ ዘይት ውስጥ ነው ያለው። በዚያው ጊዜ ሁሉንም ቡሎን ያጥብቁ። በጠጠር መንገድ የሚሠራ አዲስ ሞተር በመጀመሪያው ወር የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ቡሎን ሲጥል ደጋግሜ አይቻለሁ።

አሮጌ ከገዙ ደግሞ ከሻጩ ቤት በቀጥታ ወደ ሥራ አይሂዱ። የሞተሩንና የካምቢዮውን ዘይት፣ ካንዴላውንና የአየር ማጣሪያውን ይቀይሩ፤ ሰርባቶዮውን (የቤንዚን ታንኩን) አጥበው፣ ካርቡራቶሩን ፈትተው ያጽዱ። ቱ ስትሮክ ከሆነ ፓምፑን ቢያዩትም፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙሊቶች በቤንዚኑ ላይ ጥቂት ዘይት ይጨምሩ፤ ጭሱ ይበዛል እንጂ አይጎዳም። ከዚያ የማጠራቀሚያውን ዘይት መጠን በቀለም ምልክት አድርገው 100 ኪሎ ሜትር ይንዱ። ዘይቱ ከምልክቱ ዝቅ ካለ ፓምፑ ይሠራል፤ ካልወረደ ሞተሩን ያቁሙና መካኒክ ይጥሩ። ፓምፕ የሌለው ከሆነ ለእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ጋሼ የሚያዙት ለ25 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ነው። ይህንንም በሰርባቶዮው ክዳን አጠገብ በማይለቅ ቀለም ይጻፉት፤ አንድ ቀን ሞተሩን የሚዋስዎ ወንድም ወይም የሥራ ባልደረባ ከማደያ ንጹሕ ቤንዚን ቀድቶ እንዳይመለስ። እኔ ያን ዲቲ ካሠራሁት በኋላ በነጭ ቀለም «ለ1 ሊትር 40 ሚሊ ሊትር ዘይት» ብዬ ጽፌበት ነበር፤ ሞተሩ ዛሬ በወረታ በኩል ሌላ ሰው እጅ ነው፤ ጽሑፉ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል።